ደቦ ወይስ ሁዳድ?

«ሥራ ፈት» የሚለው ስድባችን ረጅም ዘመን ያገለገለ ነው። ድሮ ጠላ ቤት ውሎ ለሚያመሽ፣ ዋርካ ሥር ገበጣ ሲጫወት ፀሐይ ለምትጠልቅበት፣ ወሬ ከደጅ ደጅ ለሚያመላልስ ሰው ነበር የሚወረወረው። ዛሬ ደግሞ አድራሻውን ለውጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በሚውለው ሁሉ ላይ ሲወርድ እንሰማለን። «ይኼ ሥራ ፈት! ፌስቡክ ላይ ተጥዶ ዋለ!» የማይል አባት፣ የማትል እናት፣ የማይል አለቃ የለም። እኔ ግን ስድቡን በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሥራ ፈት ከሆነ፣ ሥራ ፈቶች ተሰብስበው የሚውሉበት ደጅ ባለቤት እንዴት እንዲህ ሊበለጽግ ቻለ? የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ጌታ የሆነው ሜታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስገባው ገቢ ከ164 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 97 እጁ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያውን የሚያየው ያው ሥራ ፈቱ ነው። ደግሞስ ማስታወቂያ ለማየት ብሎ ፌስቡክ የሚከፍት ማን አለ? ሰው የሚከፍተው የጓደኛውን ሠርግ፣ የሰፈሩን ወሬ፣ የሟቹን ፎቶግራፍ፣ የቀልደኛውን ቪዲዮ ሊያይ ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀውስ ማን ነው? አሁንም ያው ሥራ ፈቱ!

ነገሩን ቀድመው ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ካናዳዊው ዳላስ ስማይዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለአስተዋዋቂዎች የሚሸጠው ፕሮግራሙን ሳይሆን ተመልካቹን ነው ሲል ተከራከረ። እኛ ሶፋ ላይ ጋደም ብለን የምናርፍ ሲመስለን ለካ ተራችንን ጠብቀን ገበያ እየወጣን ነው! ጣሊያናዊቷ ቲዚያና ቴራኖቫ ደግሞ ፌስቡክ ገና ሳይወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኢንተርኔት የቆመው ሰዎች ወደውና ፈቅደው፣ ግን ሳይከፈላቸው በሚሠሩት ሥራ ላይ መሆኑን ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ የተመራማሪዎቹም ክርክር «እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይስ የለም?» ከሚለው አልፎ «በምን እንለካው? እንዴትስ እናጥናው?» ወደሚለው ዞሯል። የዛሬው ወጌም ስለዚሁ መለኪያ ነው። የምነሣው ግን ከካናዳም ከጣሊያንም ሳይሆን ከገለጉ ነው።

* * *

ገለጉን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ሱዳን ድንበር ጥግ ያለችው የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገለጉን ያልሰማ ቢኖር እንኳ ቋራን ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የበቀሉበት አገር ነውና። በአንድ ወገን የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳኑ ዲንደር ይቀጥላል። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1889 የወደቁባት መተማ ትገኛለች። ምድሩ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው «ሳሉግ» የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ይጎርፋሉ። ሰሊጥ ደግሞ ጠባየኛ እህል ነው። ቀኑ አልፎት ከደረቀ ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በኛ አገር የጉልበት ዋጋ፣ የሰው ቀን፣ የማን ጉልበት ለማን እንደዋለ የሚባል ነገር ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ሒሳብ ነው።

ሳይከፈል የሚሠራ ሥራም ለኛ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ሦስት ዓይነት ስም አለን። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ካንተ ማሳ፣ ነገ አንተ ከኔ ማሳ እየተባለ በቀን ተቆጥሮ የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው። ደቦ ሲሆን ባለማሳው ደግሶ ይጠራል፤ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፤ መንደርተኛው በዘፈንና በሆታ ያጭድለታል። ቀኑ አይቆጠርም ይባላል፤ ነገር ግን ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው አይረሳም። ሦስተኛው ሁዳድ ነው። ሁዳድ የጌታው መሬት ነው። በየአገሩ ልኩ ቢለያይም ገባሩ ወይም ጭሰኛው የተወሰነለትን ቀን በራሱ በሬ፣ በራሱ ስንቅ ሄዶ ያርሰዋል፤ ያርመዋል፤ ያጭደዋል። ምርቱ ግን ወደ ጌታው ጎተራ ይገባል። ይህን የመሰለውን ግዴታ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከነሥሩ ነቀለው፤ ቃሉ ግን በአያቶቻችን አፍ ቀረ።

አሁን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እነዚህን ሦስቱን ከሩቅ ቆሞ ለሚያይ እንግዳ ልዩነት የላቸውም። በሦስቱም ሰዎች ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ በሦስቱም ላብ አለ፤ በሦስቱም ደመወዝ የለም። ምናልባት በሁዳድ ላይም ይዘፈን ነበር። እንግዳው ሰዓቱን በሰዓት፣ ነዶውን በቁጥር ቢመዘግብ እንኳ ደቦውን ከሁዳዱ መለየት አይችልም። ለመለየት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛው፣ ምርቱ ወደማን ጎተራ ሄደ? ሁለተኛው፣ ሠራተኛው «ዛሬ አልመጣም» ቢል ምን ይደርስበታል? ስለ ዲጂታል ሥራ ጥናት ያነበብሁትን ሁሉ የማነበው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መነጽር ነው።

* * *

የእኅቴ ልጅ ገለጉ ውስጥ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካርድ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ጥቂት ዓመታት ገዳሪፍ ኖራ ስለተመለሰች ዓረብኛ ትናገራለች። በአንዱ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ (ስሙ ይቆየን) የሰሊጥ ዋጋ፣ የጠፋ ከብት፣ የመኪና መነሻ የምታስነግርበት ገጽ ከፍታ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የገጹ መልክ ባንድ ሳምንት ተለወጠ። ሱዳናውያን፣ ሱዳን ውስጥ ሠርተው ያድሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ የሌላም አገር ዜጎች በመተማ በኩል መጉረፍ ጀመሩ። ያልመጡት ደግሞ ጠፉ። ልጁ ካርቱም የቀረበት አባት፣ እኅቷ ኦምዱርማን ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት፣ ሁሉም ወደዚያች ሱቅ መጡ። ልጅቱ የጠፉትን ስም መለጠፍ፣ የተገኙትን ስም መቀበል፣ ከገዳሪፍና ከመተማ የሚላክላትን ማገናኘት ሥራዋ ሆነ። ማንም አልቀጠራትም፤ ማንም አልከፈላትም።

እኔ በዚያን ጊዜ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ሳይከፈል ስለሚሠራ ዲጂታል ሥራ አነስተኛ ጥናት እያዘጋጀሁ ነበርና፣ አንድ ደብተር ልኬላት የማታ የማታውን በሰዓት እንድትመዘግብ ለመንኋት። ለመዝገቡም በጥናቱ በጀት የተያዘ መጠነኛ አበል ነበረው። ከደብተሩ አንዱን ምሽት በፈቃዷ ልጥቀስ፤

«1፡00፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ወረፋ ጠበቅሁ። 1፡40፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። 2፡00፤ 17 የድምፅ መልእክት አዳመጥሁ፤ ሦስቱ ለቅሶ ብቻ ነው። 2፡50፤ የዓረብኛውን ዝርዝር ወደ አማርኛ ገለበጥሁ፤ ስሞቹ አስቸገሩኝ። 3፡30፤ ሁለት ሰዎች በዘር ተሰዳደቡ፤ አጠፋሁት፤ እኔን ሰደቡኝ። 4፡00፤ እማማ ቤት ሄጄ ዛሬም ምንም የለም አልኋቸው፤ ቡና አፍልተው ጠብቀውኛል። 5፡00፤ ተኛሁ። አልተኛሁም።»

እንግዲህ ይህችን ምሽት ይዘን ወደ ዓለም ተመራማሪዎች ደጅ እንሂድ። «ይህ ሥራ ስንት ያወጣል?» ብለን እንጠይቃቸው።

* * *

የመጀመሪያው ደጅ የኩባንያው የራሱ ሒሳብ መዝገብ ነው። ገቢውን ለተጠቃሚው ቁጥር ማካፈል ነው፤ ቀላል ነው፤ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ባወጣው ሠንጠረዥ፣ ፌስቡክ ከአንድ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ተጠቃሚ በሦስት ወር 68 ዶላር ገደማ አግኝቷል። አፍሪካ የምትገኝበት ረድፍ «የተቀረው ዓለም» ይባላል፤ እዚያ የአንድ ሰው ድርሻ 5 ዶላር እንኳ አልሞላም። በዚህ ሚዛን ቋራ ላይ የሚለፋ ሰው፣ ቶሮንቶ ላይ ድመቱን ፎቶ ከሚያነሣው ሰው ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። ልብ በሉ፤ ሚዛኑ የሚመዝነው ልፋትን አይደለም። የሚመዝነው ማስታወቂያ የሚያየውን ሰው ኪስ ነው። ለማንኛውም ኩባንያው ከ2024 ጀምሮ ያንን በየአህጉሩ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ማውጣቱን ስለተወ፣ በሩ እሱ ራሱ ተዘግቷል።

ሁለተኛው ደጅ የኢኮኖሚስቶች ነው። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን «ስንት ቢሰጣችሁ ፌስቡክን ለአንድ ወር ትተዋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቃል ብቻ እንዳይሆን ከተጠያቂዎቹ ጥቂቶቹ በእርግጥ ተከፍሏቸው እንዲዘጉ ተደረገ። የአሜሪካኖቹ መካከለኛ መልስ 48 ዶላር ገደማ ሆነ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው አገልግሎቱ ለሰውየው የሚሰጠውን ጥቅም እንጂ ሰውየው የሚሠራውን ሥራ አይደለም። ደቦ የመጣን ሰው «ጠላው ስንት ያወጣል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። እኔም ለሙከራ ያህል የእኅቴን ልጅ በስልክ ጠየቅኋት።

«ስንት ቢሰጡሽ ለአንድ ወር ትዘጊዋለሽ?»

ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «አጎቴ፣ እማማን ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

በኢኮኖሚስቶቹ ቅጽ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን የለም።

«ጠላው ይበቃችኋል» የሚለው ክርክር ግን እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ በ1990ዎቹ የውይይት መድረኮቹን የሚጠብቁለት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ ወሮታቸው በነፃ መስመር ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዳንዶቹ «እኛ እኮ ሠራተኞች ነን» ብለው ከሰሱት። ነገሩ ከ10 ዓመት በላይ ተጓትቶ፣ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። ስምምነት ስለሆነ «ሠራተኛ ናቸው» የሚል ፍርድ አላስቀረም፤ ሆኖም ያለምክንያት 15 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሦስተኛው ደጅ ማሽኑ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ሬዲት በተባለው መድረክ ላይ ውይይቱን የሚያርሙት፣ ስድቡን የሚያጠፉት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሃንሊን ሊ፣ ብሬንት ሄክትና ስቲቪ ቻንስለር የእነዚህን ሰዎች የሥራ መዝገብ በፈቃዳቸው ሰብስበው ሰዓቱን አሰሉት። በጠቅላላው በቀን ቢያንስ 466 ሰዓት ይሠራሉ አሉ። ሰዓቱን በ20 ዶላር ቢመቱት በዓመት 3.4 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ ይኸውም ኩባንያው በ2019 ካገኘው ገቢ ከመቶ 2.8 እጅ ነው። ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ እጅ የሚጨበጥ ነገር የሚሰጠው ይህ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በጁን 2023፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሬዲት መድረኮች በተቃውሞ ሲዘጉ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ቢያቆሙ ምን እንደሚሆን ዓለም በዓይኑ አየ።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ 20 ዶላሩ የማን ገበያ ዋጋ ነው? በገለጉ የሰሊጥ አረም ዋጋ ከመታነው መልሱ ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ዋጋ ከመታነው ሌላ ነው። የዋጋው ምርጫ የመልሱ ምርጫ ነው። ሁለተኛ፣ ማሽን የሚያየው ጣት ሲነካው ብቻ ነው። ከላይ ከጠቀስኋት ምሽት ማሽኑ ምን አየ? አንድ ልጥፍ፣ አንድ ማጥፋት፣ 17 የተከፈቱ ድምፆች። የጄኔሬተሩ ወረፋ የለም። ጉብታው የለም። የእማማ ቡና የለም። «አልተኛሁም» የሚለውማ ጭራሹን የለም።

ደግሞም መዝገቡ የኩባንያው ንብረት ነው። ትዊተር ለተመራማሪዎች በነፃ የከፈተውን በር በ2023 ዘጋ። ሜታ ክራውድታንግል የተባለውን መሣሪያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2024) አጠፋው። የአውሮፓ ኅብረት በሕግ አስገድዶ ለተመራማሪዎች በር እያስከፈተ ነው፤ ሕጉ የተጻፈው ግን ለአውሮፓ ጉዳይ እንጂ ለቋራ አይደለም። የኛ አገር ተመራማሪ ከጌታው ጎተራ ደጅ ቆሞ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው ነው።

* * *

ስለዚህ የቀረኝ አራተኛው ደጅ ነበር፤ እሱም በሴቶች የተከፈተ ደጅ ነው። ኒውዚላንዳዊቷ ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው መጽሐፍ፣ የአገሮች የኢኮኖሚ ሒሳብ ውኃ የምትቀዳውን፣ ልጅ የምታሳድገውን፣ እህል የምትፈጨውን ሴት «አትሠራም» ብሎ እንደሚመዘግባት አጋለጠች። መፍትሔ ተብሎ የመጣው አንዱ ዘዴ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ነው፤ ሰው 24 ሰዓቱን በምን እንዳሳለፈ መጠየቅ። በኛም አገር ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ጥናት አካሂዷል፤ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበዛ ጊዜ ሳይከፈላቸው እንደሚሠሩም በቁጥር አረጋግጧል። እናቶቻችን ያለ ቁጥርም ያውቁት ነበር።

ሲልቪያ ፌደሪቺ እ.ኤ.አ. በ1975 የቤት ሥራ ደመወዝ ይገባዋል ብላ የጻፈችውን መግለጫ፣ ሎረል ፕታክ የምትባል አሜሪካዊት በ2014 «ደመወዝ ለፌስቡክ» በሚል ወደ ዘመናችን አመጣችው። ካይሊ ጃሬት ደግሞ በ2016 ባሳተመችው መጽሐፍ የማኅበራዊ ድረ ገጽ ተጠቃሚውን «ዲጂታል የቤት እመቤት» ብላ ጠራችው። ሥራው ለጌታው ትርፍ ያስገኛል፤ ለሠሪው ግን ፍቅር፣ ዝምድና፣ ማኅበራዊ ግዴታ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ነው ትላለች። የእኅቴን ልጅ ደብተር ሳነብ የታየኝ የፋብሪካ ሠራተኛ አይደለም። የታየኝ እናቷ ናት፤ ለለቅሶ ቤት እንጀራ የምትጋግረው፣ የታመመ የምትጠይቀው፣ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ሲሏት «ኧረ ምንም» የምትለው።

በዚህ ላይ የተቃዋሚውንም ቃል ላድምጥ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሄዝሞንድሃልግ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይከፈል የተሠራን ሁሉ ብዝበዛ ማለት አያዋጣም ሲል ጽፏል። የሰፈር ልጆችን ኳስ ያለ ክፍያ የሚያሠለጥነውን ሰው ተበዘበዝህ ልንለው ነው? እውነቱን ነው። ለእኅቴ ልጅም «አንቺ የሩቅ አገር ከበርቴ ጭሰኛ ነሽ» ብላት፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ የተንከራተተችበትን ምሽት ሁሉ መስደብ ይሆንብኛል። እሷ የወጣችው ለደቦ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎቼን ላንሣ። ምርቱ ወደማን ጎተራ ሄደ? የተገኘው ልጅ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ ይህ የኛ ነው። ያቺ እናት በቀን አሥር ጊዜ ገጹን ስትከፍት የቆጠረችው ደቂቃ፣ ማንን እንደምትፈልግና የት እንደምትኖር የሚያሳየው መዝገብ ግን ወደ ሌላ ጎተራ ገባ። «ዛሬ አልመጣም» ብትልስ? ኩባንያው አይቀጣትም፤ አያውቃትምም። የሚቀጧት የእማማ ዓይኖች ናቸው። ጌታው ሳያዝዝ፣ የእርስ በርሳችን ይሉኝታ ሁዳዱን ያርስለታል! በኔ ግምት የዘመኑ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ደቦው የኛ ነው፣ መሬቱ ግን የጌታው ነው። ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ደቦውን ያጣዋል። ፍቅሩን ብቻ የሚያይ ጥናት ደግሞ መሬቱን ያጣዋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ናይሮቢ ያለውን ክስ ይመልከት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በኖቬምበር 2021 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ ላይ ስማቸውን የሚያጠፉና ለጥቃት የሚያጋልጡ ጽሑፎች ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም ማዕረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን በመግለጽ፣ በዲሴምበር 2022 ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ክፉ ጽሑፍን አይቶ ማመልከት፣ ማስረዳት፣ ደግሞ ማመልከት፣ ይህም እኮ ሳይከፈል የሚሠራ ሥራ ነው። የመድረኩ ደኅንነት ጠባቂ የሆነው ያው ተጠቃሚው ነው። ጩኸቱ ሳይሰማ ሲቀር የሚከፈለው ዋጋ ግን በሰዓት 20 ዶላር አይደለም።

የአገራችን ሕግስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በአሠሪ መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው፤ የእኅቴ ልጅ አሠሪም ደመወዝም የላትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃዋን እንደ ምሥጢር ይጠብቅላታል እንጂ እንደ ላብ አይቆጥርላትም። በሁለቱ አዋጆች መካከል አንድ ሰፊ ማሳ ሳይለካ ቀርቷል።

* * *

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ገጿም ዝም አለ። ከብዙ ወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ጎንደር ስትመጣ ልትከፍተው ሞከረች። ድረ ገጹ ማንነትሽን አረጋግጪ አላት፤ ማረጋገጫውን የሚልከው ደግሞ ከእጇ በጠፋ የቀድሞ ስልክ ቁጥር ነበር። ጻፈች፤ መለሱላት። የመለሰላት ማሽን ነው፤ ያንኑ ጥያቄ ነው የደገመላት። የአራት ወር ስሞች፣ የአራት ወር ድምፆች፣ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየው ዝርዝር ሁሉ በሩ ተዘግቶበት ቀረ። ጭሰኛ ሲነቀል ቢያንስ የጎጆውን እንጨት ይዞ ይሄድ ነበር።

የተረፈው ደብተሩ ነበር። ከሰዓቱ ዝርዝር ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ እኔ ሳልጠይቃት የጠፉትንና የተገኙትን ስም በትንንሽ ፊደል ጽፋው ኖሯል። በማሽኑ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ስለ ምርምር ዘዴ የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው፤ ማስረጃው በማን እጅ እንደሚቀር መጀመሪያ ጠይቅ፤ ትክክለኛነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ለጥናቱ የሚያስፈልገኝን ሰዓትና ደቂቃ ብቻ ገልብጬ ደብተሩን መለስሁላት። ስሞቹ የኔ አይደሉምና።

አበሏን ስሰጣት ፈረመችና ብሩን በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች። «ሥራውን ስሠራ ያልተከፈለኝ፣ ሥራውን መሥራቴን ስጽፍ የሚከፈለኝ ለምንድን ነው?»

መልሱ በበጀት ደንብ ውስጥ አለ፤ ጥናት በጀት አለው፤ የጠፋ ሰው መፈለግ በጀት የለውም። ይህንኑ ነገርኋት። በዓለም ላይ ስለ ዲጂታል ሥራ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ለጸሐፊው ደመወዝ፣ ማዕረግ ወይም ዕድገት አስገኝቷል፤ ለእኔም እንዲሁ ያስገኝልኝ ይሆናል። ያም ሆኖ ጥናቱ መሠራት አለበት እላለሁ፤ ያልተቆጠረ ላብ ማንም አይከራከርለትምና። የሚሠራ ግን እንደ ደቦ ይሁን። የምናጠናቸው ሰዎች ጥያቄውን አብረውን ያውጡ፤ መዝገቡ በእጃቸው ይቅር፤ ውጤቱም መጀመሪያ በገባቸው ቋንቋ ለእነሱ ይነበብ። አለበለዚያ ስለ ጌታው ሁዳድ እየጻፍን የራሳችንን ሁዳድ ማሳረሳችን ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው ስታይ ስድቡን ለመወርወር አትቸኩል። ምናልባት ሰው እየፈለገ ይሆናል።